አምራቹ የተወውን ኮምፒውተር ማን ያኖረዋል?



ጌታችን በምድረ በዳ ሕዝቡን ከመገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ፍርፋሪውን እንዲሰበስቡ ማዘዙን ሁላችንም እናውቃለን። በጥቂት እንጀራ ሺዎችን ያጠገበ አምላክ ለቁራሽ የሚቸገር አልነበረም፤ ሆኖም የተረፈው እንዲሁ ወድቆ እንዲቀር አልፈቀደም። ይህን ያነሣነው ለጉብኝት በወጣን ቁጥር በየአጥቢያው ዕቃ ቤት ጥግ በጨርቅ ተሸፍነው የምናያቸው ኮምፒውተሮች ስላሉ ነው። አንዳንዶቹ በውጭ አገር ከሚኖሩ ምእመናን የተላኩ፣ አንዳንዶቹም በፕሮጀክት የተገዙ ናቸው። ምን እንደሆኑ ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ በአብዛኛው አንድ ነው፤ «አርጅተዋል» እንባላለን።

ኮምፒውተር አርጅቷል ሲባል ግን ብረቱ ተበላሽቷል ማለት ሊሆን ይችላል። የሠራው ድርጅት ፕሮግራሙን ማደስ አቁሟል ማለትም ሊሆን ይችላል። እኛ እንዳየነው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ሰው ሄዷል ማለት ነው። እነዚህ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ልዩነቱን ለማስረዳት የሚጠቅም አንድ ታሪክ ከሩቅ አገር እናቀርባለን። በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአውሮፓና በሌሎችም አገሮች የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች፣ ሠሪዎቻቸው የተዉአቸውን ኮምፒውተሮች በሥራ ላይ ያቆዩበት ታሪክ ነው። በታሪኩ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ኩባንያዎቹ አለፉ፣ ብረቱ ቀረ

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ወርክስቴሽን የሚባል የኮምፒውተር ዓይነት ነበረ። ከተራው የቢሮ ኮምፒውተር ይልቅ ኃይሉ የበረታ፣ ዋጋውም የከበደ፣ በመሐንዲሶችና በተመራማሪዎች ጠረጴዛ ላይ የሚገኝ መሣሪያ ነው። በ1982 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1989 ስፓርክስቴሽን 1 የተባለውን ለገበያ አቀረበ። ዲጂታል የተሰኘው ኩባንያ በ1992 አልፋ የተባለውን ፕሮሰሰር አወጣ። ሲሊከን ግራፊክስና ሂውሌት ፓካርድም የየራሳቸውን ይሠሩ ነበር። እያንዳንዱ ኩባንያ ፕሮሰሰሩን ብቻ ሳይሆን ስርዓተ ክወናውን፣ ማለትም በተለምዶ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምንለውን፣ በራሱ መንገድ ያዘጋጅ ነበር።

ስርዓተ ክወና ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው በገዳም መጋቢውን ማሰብ ይበቃዋል። መጋቢው እህሉን፣ ውኃውንና ሥራውን ለየአገልጋዩ ባያከፋፍል ማኅበሩ አንድ ቀን አያድርም። ስርዓተ ክወናም የኮምፒውተሩን ሜሞሪ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ስክሪንና ኔትወርክ ለየፕሮግራሙ የሚያከፋፍል ነው። መጋቢው ሥራውን ከተወ ቤቱ ቢቆምም ማኅበሩ ይበተናል።

በወርክስቴሽኖቹ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ዋጋቸው የረከሰ የቢሮ ኮምፒውተሮች እየበረቱ ሲመጡ ገበያው ወደ እነርሱ ዞረ። ዲጂታል በ1998 ለኮምፓክ ተሸጠ፤ ኮምፓክም በ2002 ከሂውሌት ፓካርድ ጋር ተዋሐደ። ሰን በ2010 በኦራክል ተጠቀለለ። በዩኒቨርሲቲዎች ምድር ቤትና በጨረታ መጋዘኖች ውስጥ ግን ሲያበሯቸው የሚበሩ፣ ምንም ያልጎደላቸው መሣሪያዎች ተከማችተው ቀሩ። ስርዓተ ክወናቸው አይታደስም፤ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍነው የለም። የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ በባለቤቱ ዘንድ የተቆለፈ በመሆኑም ባለሙያ ልጠግነው ቢል አይችልም።

ምንጩ የተከፈተ ስርዓት

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት አሠራር ይበቅል ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1991 ሊኑክስን ለሕዝብ አወጣ። በ1993 ደግሞ ጥቂት ሰዎች ከዩኒቨርሲቲ በወረሱት የዩኒክስ ሥራ ላይ ተመሥርተው ኔትቢኤስዲ የተባለውን ስርዓት ጀመሩ። የሁለቱም ምንጭ ጽሑፍ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያስተካክለውና ለሌላ እንዲያስተላልፈው የተፈቀደ ነው። ሊኑክስ በመጀመሪያ የተጻፈው 386 ለተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ብቻ ነበር። በአሜሪካ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዴቪድ ሚለር ሥራውን ወደ ሰን ስፓርክ ወርክስቴሽኖች ሲያሸጋግር በሜክሲኮ የነበረው ሚጌል ደ ኢካዛም አብሮት ሠርቷል። ጽሑፉ በመከፈቱ ድንበርና ባሕር ሳያግዳቸው በአንድ ሥራ ላይ መገናኘት ቻሉ።

ማሸጋገር ስንል ምን ማለታችን ነው? ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ ቃሉን አይለውጥም፤ ብራናውን ግን እንደየስፋቱና እንደየጥራቱ ዳምጦና አስምሮ ያዘጋጀዋል። የኔትቢኤስዲ ሰዎች ሥራቸውን የከፈሉት በዚሁ መንገድ ነው። ለማናቸውም መሣሪያ የሚሆነውን ጽሑፍ በአንድ ወገን አኖሩ፤ የአንዱን መሣሪያ ጠባይ ብቻ የሚመለከተውን ትንሽ ክፍል ለይተው በሌላ ወገን አስቀመጡ። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ በአመዛኙ የሚጻፈው ያ ትንሽ ክፍል ነው።

ትንሽ ይባል እንጂ ድካሙ ከባድ ነው። በጎ ፈቃደኛው ፕሮግራሙን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያዘጋጅና በኔትወርክ ገመድ ወደ አሮጌው መሣሪያ ይልከዋል። ስክሪኑ ገና አይታዘዝለትምና መልእክት የሚጠብቀው በአንዲት ቀጭን የግንኙነት ገመድ ነው። አንድ ፊደል ብቻ ታትማ ከመጣች መሣሪያው ነፍስ ዘርቷል ማለት ነው። ከዚያ ሜሞሪውን፣ ሰዓቱን፣ ዲስኩንና ኔትወርኩን አንድ በአንድ ማስተማር ይቀጥላል። ለወራት የደከሙበት ሥራ የመሣሪያው መመሪያ መጽሐፍ ባለመገኘቱ ብቻ የሚቆምበት ጊዜም አለ።

አስቸጋሪ የሆኑ የጠባይ ልዩነቶችም አሉ። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ግእዝ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚነበብ ሁሉ፣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ትልቅ ቁጥርን በሜሞሪ ሲያስቀምጥ ከትንሹ ክፍል ይጀምራል፤ የሰን ስፓርክ ግን ከትልቁ። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ሳያስበው አንዱን አቅጣጫ ብቻ ይዞ ከሆነ በሌላው መሣሪያ ላይ ቁጥሩ ተገልብጦ ይነበባል። ከዚህም ሌላ ስፓርክ ቁጥሩ በተመደበለት ቦታ ተስተካክሎ ካልተቀመጠ አላነብም ብሎ ሥራውን ያቆማል፤ ኢንቴል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጠማማውን ችሎ ያነባል።

በንባብ ቤት የተማራችሁ አባቶች ይህን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ቸልተኛ መምህር ወዳቂውን ተነሽ አድርጎ ያነበበውን ተማሪ ያሳልፈዋል፤ ስሕተቱ የሚታወቀው ልጁ በጉባኤ ፊት ቆሞ ሲያነብ ነው። ጥብቅ መምህር ግን እዚያው ያስቆመዋል። አሮጌዎቹ ወርክስቴሽኖችም ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ጥብቅ መምህር ሆነዋል። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ቡድን ብዙ ዓይነት መሣሪያዎችን ይዞ ከሚቆይባቸው ምክንያቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደብቆ የኖረ ስሕተት በሌላው ላይ መጋለጡ ነው። አሮጌውን ለማዳን የተደረገው ድካም አዲሱንም እንደጠቀመ እንረዳለን። ቡድኑ ራሱ በ1995 ከኔትቢኤስዲ ባለመስማማት ተለይቶ የወጣ ነው። ጉባኤ ባለበት ሁሉ ክርክር አይጠፋምና ሰበካ ጉባኤዎቻችን በዚህ ብቻቸውን እንዳልሆኑ ይወቁ።

ስሙን የሚረሳ መሣሪያ

ከሁሉ ይልቅ የገረመንን እንንገራችሁ። በሰን ወርክስቴሽኖች ውስጥ ሰዓቱንና የመሣሪያውን መለያ የምትይዝ አንዲት ቺፕ አለች። በውስጧ ትንሽ ባትሪ ታሽጎባታል። ባትሪው ከዓመታት በኋላ ሲሞት መሣሪያው ሰዓቱን ብቻ አይደለም፣ በኔትወርክ የሚታወቅበትን አድራሻም ይረሳል፤ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ቢጠሩትም አይሰማም። ብረቱ ደህና፣ ፕሮሰሰሩ ደህና፣ የጠፋው ስሙ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። በጎ ፈቃደኞቹ ግን መፍትሔውን ደርሰውበታል። አንዳንዶቹ ቺፗን በአዲስ ይለውጣሉ፤ አንዳንዶቹ የቺፗን ሽፋን በጥንቃቄ ፍቀው ከውጭ ሌላ ባትሪ ያገናኙላታል። ከዚያም አድራሻውን በእጅ መልሰው ይጽፉለታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህንን ጥበብ ለራሳቸው ይዘው አለመቅረታቸው ነው፤ ደረጃ በደረጃ ጽፈው ለሁሉ አሠራጭተውታል። ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ የመጣ ሰው ያነበዋል፤ መሣሪያውንም ያድናል።

በእናንተ ጽሕፈት ቤት ያለው ተራ ኮምፒውተርም ተመሳሳይ ሕመም እንዳለበት አስተውሉ። በበራ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ በዋናው ሰሌዳ ላይ የምትገኘው ሲአር 2032 የምትባል ሳንቲም መሳይ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ቀኑ ሲሳሳት በዚያ ቀን የተመዘገበው ደረሰኝና ሰነድ ሁሉ የተሳሳተ ቀን ይይዛል፤ ብዙ የኢንተርኔት ገጾችም አይከፈቱም። የሰኗ ባትሪ ታሽጋ ነበር፤ የእናንተ ግን ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከመብራት ከተነቀለ በኋላ በጣት ተነሥታ የምትለወጥ ናት። በዚህች ባትሪ ምክንያት ከአገልግሎት የወጣ ኮምፒውተር ማየታችንን በኀዘን እንናገራለን።

ወጪውና ስንብቱ

በጎ ፈቃድ ነፃ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ኦፕንቢኤስዲ በካናዳ ካልጋሪ ከተማ ብዙ አሮጌ መሣሪያዎችን አብርቶ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት የሚሆነውን ፕሮግራም በዚያው ዓይነት መሣሪያ ላይ ሠርቶ መፈተን ስለሚፈልግ ነው። በ2014 መጀመሪያ 20,000 ዶላር የሚደርስ የኤሌክትሪክ ሒሳብ መክፈል አቅቶት ሊዘጋ እንደሚችል ለሕዝብ አስታወቀ። ገንዘቡ ከደጋፊዎች ተገኘና ሥራው ቀጠለ። ጉልበቱን የሚሰጥ ሰው ቢገኝም መብራቱን የሚከፍል ሰው እንደሚያስፈልግ ከልማት ሥራ ልምዳችን እናውቀዋለን።

ሁሉም ለዘለዓለም አልተያዘም። ኦፕንቢኤስዲ የቆየውን ባለ 32 ቢት ስፓርክ በ2016፣ የሲሊከን ግራፊክሱን ደግሞ በ2021 አሰናብቷል። ሊኑክስ ራሱ የተወለደበትን የ386 ፕሮሰሰር ድጋፍ በ2013 በወጣው እትሙ አቁሟል። ሥራውን የሚይዝ ሰው ሲጠፋ፣ የሚፈተንበት መሣሪያ ሲታጣ ወይም ጥቅሙ ከድካሙ ሲያንስ ያሰናብታሉ። ስንብቱንም አስቀድመው በግልጽ ይናገራሉ። በአንዱ ቡድን የተሰናበተውን ሌላው ይዞት የሚቀጥልበት ጊዜም አለ፤ ኔትቢኤስዲ በ2024 ባወጣው 10ኛ እትሙ አሮጌውን ስፓርክ አሁንም እንደያዘ ነው። አሮጌ ነገርን ሁሉ መያዝ ቁጠባ ነው ብለን አናስተምርም። መብራት የሚበላ፣ የሚያገለግለው ሰው የሌለ መሣሪያ ለአጥቢያው ሸክም ነው።

ከእኛ ዘንድ የሆነው

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ የምንናገረውም የራሳችንን ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አጥቢያ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሲሰጡ በርክክቡ ላይ ነበርን። ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ገመዱን ቆጠርን፤ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ፈረምን። የአጥቢያው የክርስትና መዝገብ የሚገኝበት አሮጌ ኮምፒውተር እንዲወገድም ተስማማን። ፋይሉ በፍላሽ ተገልብጧልና አልተጨነቅንም። ፋይሉ በአዲሱ ኮምፒውተር ሲከፈት ግን የታየው የሕፃናቱና የክርስትና አባቶቻቸው ስም አልነበረም፤ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ሆነ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ በሥራ ላይ የቆዩ የአማርኛ መጻፊያዎች የግእዙን መልክ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ፊደሉ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ሆኖ ይነበባል፤ ፊደሉ በሌለበት ላይ ግን ከሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የሚያነበው ጠፋ። እኛ ደግሞ ፊደሉን ከያዘው ኮምፒውተር ጋር አስወግደነዋል።

ለስምንት ወራት የልጆቻቸውን የክርስትና ማስረጃ ፈልገው የመጡ ወላጆች በባዶ እጃቸው ተመለሱ። አንዲት እናት ለልጇ ጉዞ ማስረጃው በአስቸኳይ ሲያስፈልጋት ቄሰ ገበዙ በቃል ምስክርነት ጻፉላት፤ የምትሄድበት መሥሪያ ቤት አልተቀበላትም። መዝገቡን በኮምፒውተር የጻፈው የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። ለጥምቀት በዓል ሲመጣ ነገሩን ሰማና ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ፊደሉን ጫነው፤ መዝገቡ ተነበበ። «አባቶቼ፣ ለምን አልደወላችሁልኝም? ፊደሉ እኮ ሁልጊዜም እኔ ዘንድ ነበር» አላቸው። ስልክ ቁጥሩን የመዘገበ ሰው አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም። ወጣቱ ከመመለሱ በፊት ሁለት ቀን ተቀምጦ መዝገቡን ሁሉ ወደ ዩኒኮድ ለውጦታል፤ አሁን በማናቸውም ኮምፒውተር ይከፈታል። በየአጥቢያችሁ በቆየ ፊደል የተጻፈ መዝገብ ካለ አሮጌው ኮምፒውተር ሳይወገድ እንዲለወጥ አደራ እንላለን።

ብዙ አጥቢያዎች የሚጠይቁን ሌላ ነገር አለ። ዊንዶውስ 10 ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ቆሟል፤ ቀጣዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮችን አይቀበልም። እነዚህ ኮምፒውተሮች በሊኑክስ ሊሠሩ ይችላሉ። ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ሒሳብ ለመያዝና ኢንተርኔት ለመጠቀም የሚበቃ ነው፤ አቢሲኒካን የመሰሉ በነፃ የሚገኙ የግእዝ ፊደላትም አሉለት። ይሁን እንጂ ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በ2025 በወጣው 13ኛ እትሙ በባለ 32 ቢት ኢንቴል ኮምፒውተሮች ላይ መጫኑን ትቷል። ዲስኩን ሊያጠፋ ስለሚችልም ሰነዶቹ ሳይገለበጡ አይጀመርም። ደግሞም በአጥቢያው ስርዓቱን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ ከሌለ ባይጀመር ይሻላል እንላለን። ሊኑክስ የተጫነበት፣ ነገር ግን ማንም የማይከፍተው ኮምፒውተር በጨርቅ ከተሸፈነው አይለይም።

ከዚያ ስሕተት በኋላ የርክክብ ቅጻችንን ለውጠናል። ከዕቃው ዝርዝር በላይ አዲስ መስመሮች ገብተዋል። መሣሪያውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ስምና ስልክ፣ የፕሮግራሙና የፊደሉ መጫኛ የሚቀመጥበት ቦታ፣ የይለፍ ቃሉ ታሽጎ የተያዘበት መዝገብ ቤት ይጻፍባቸዋል። ሁለት ሰዎች ያልነው አንዱ ለሥራ ወይም ለትምህርት መሄዱ ስለማይቀር ነው። መስመሮቹ ካልተሞሉ የኛ ባልደረባ ርክክቡን አይፈርምም። በዕቃ ቤት የተሸፈነ ኮምፒውተር ያላችሁ አጥቢያዎች በሚቀጥለው ጉብኝታችን ከጨርቁ አውጥታችሁ ጠብቁን፤ የሚበራውን ከማይበራው አብረን እንለያለን። የባትሪዋን ነገር ግን እስከዚያ ባትጠብቁን ደስ ይለናል።